የድንቢጥ መኪና ጥራት ተቆጣጣሪ የነበሩት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከብስክሌት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ቢሆኑም ሁለቱ ታላላቆቻቸው በጨቅላነታቸው ስላለፉ ያደጉት እንደ አንድያ ልጅ ነው። ክፍሏ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላ በአንዱ ወገን ብስክሌት ይጠገንባታል፣ በሌላው ወገን ልብስ ይሰፋባታል። አያታችን በሕይወት ሳሉ እንዳጫወቱን፣ አባታችን ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሆነው ከመጋረጃው ማዶ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ያዳምጡና "እማ፣ ቺንጋው ሊበጠስ ነው" ይሏቸው ነበር። ይበጠሳልም። አያታችን መጀመሪያ "ይኼ ልጅ ያሟርትብኛል" ብለው ይቆጧቸው ነበር፤ ኋላ ግን ትርፍ ቺንጋ ገዝተው ማስቀመጥ ጀመሩ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው በ1957 ዓ.ም. ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። እርሳቸው የሞተር ተማሪ ሲሆኑ በማደሪያው አንድ ክፍል ተጋርተው ሦስት ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ጓደኛቸው ደግሞ የብየዳ ተማሪ ነበሩ። እኒህ ጓደኛቸው ኋላ የሚስታቸው ወንድም፣ የእኛም አጎት የሆኑት በያጁ ናቸው። ሁለቱ አንድ ጥንድ የእሑድ ጫማ ነበራቸው ይባላል፤ የአባታችን እግር አነስ ስለሚል በተራቸው ጊዜ ጫፉ ላይ ወረቀት ይጠቀጥቁበት ነበር። በ1960 ዓ.ም. አባታችን ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ። አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ከሠሩ በኋላ በ1961 ዓ.ም. ሁለቱም አዲስ በተከፈተው የመኪና ፋብሪካ ተቀጠሩ።

ፋብሪካው የተሠራው ከከተማው ዳር፣ ቀድሞ ጡብ ይቃጠልበት በነበረ ሜዳ ላይ ነው። አላማው አገሬው ከውጭ ከማስመጣት ወጥቶ የራሱን መኪና እንዲነዳ ነበር። የመጀመሪያዋ መኪና በ1963 ዓ.ም. ስትወጣ ባለ ሁለት በር፣ ሰማያዊ፣ ትንሽ ስለነበረች "ድንቢጥ" የሚል ስም ተሰጣት። በዕለቱ በሩ ላይ የቆመው ሰው ብዛት መንገዱን ዘግቶ ነበር። እንድትነዳ የተመደበው ሾፌር ከመደንገጡ የተነሳ ማርሹ አልገባለት ብሎ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንጫጭታ ጠፋችበት። በዚህ ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመቱ አባታችን ከሰልፉ ወጥተው "ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ውረድልኝ" አሉና ነድተው አወጧት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ያኔ መሪውን እንደያዙ የተነሡት ፎቶግራፍ በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ እንዲወጣ ዘመድ ሁሉ ቢጠይቅም እኛ ልጆቻቸው አልፈቀድንም። ምክንያቱን ወደ ኋላ ትሰሙታላችሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባታችን መኪና ሞካሪ ሆነው ተመደቡ። ከፋብሪካው የምትወጣ እያንዳንዷ ድንቢጥ በግቢው ውስጥ በተሠራው መንገድ ላይ በእርሳቸው እጅ ሳትነዳ ወደ ገዢ አትሄድም ነበር። አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው ካወራ "ዝም በል፣ እሷ ትናገር" ይሉታል። አንድ ቀን ከጥቂት ሜትር በኋላ መኪናዋን አቁመው "ይቺ ምሳዋን አልጨረሰችም" አሉ። በሩ ሲፈታ ከውስጡ የአንድ ሠራተኛ ማንኪያ ወጣ። "ባለጆሮው" የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸው ያኔ ነው፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከቤተሰብ በቀር የሚያስታውስ ሰው እስከማይገኝ ድረስ በዚሁ ተጠርተው ኖረዋል።

በ1965 ዓ.ም. በፋብሪካው የስልክ ቤት ትሠራ ከነበረችው ከእናታችን ጋር ጋብቻ መሠረቱ። እናታችን የበያጁ ታናሽ እህት ናት። አጎታችን በሠርጉ ላይ ቆመው "እህቴን የሰጠሁህ ጆሮ ስላለህ ነው፤ ምክር ይሰማል ብዬ ነው" ብለው ሰውን ሁሉ አስቀዋል። ከጋብቻቸውም በ1967 ዓ.ም. ሴት፣ በ1971 ዓ.ም. ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ይህን የምታነብላችሁ ሴቷ ልጃቸው ናት።

እነዚያ ዓመታት የድንቢጥ የደስታ ዘመን ነበሩ። መኪናዋን ለመግዛት ሁለት ዓመት ወረፋ ይጠበቅ ነበር። ሙሽራ በእርሷ ነው የሚሄደው፣ ሐኪም በእርሷ ነው የሚመጣው። የምንኖረው ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ባሠራቸው ቤቶች ውስጥ ሲሆን፣ የአጎታችን ቤት ከእኛ ቤት በአንድ የሽቦ አጥር ብቻ ይለይ ነበር። የኔም ሆነ የወንድሜ የመጀመሪያ አልጋ አጎታችን በትርፍ ብረት የበየዷቸው ናቸው፤ አንድም ቀን አልተንቀጫቀጩም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ድንቢጥ መኪና ባለፈች ቁጥር ለጓደኞቼ "ይቺን አባቴ ሰምቷታል" እል ነበር። በ1978 ዓ.ም. አባታችን የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ሆኑ። ነጭ ጋዋን ለበሱ፤ የመስታወት ግድግዳ ያለው ቢሮ ተሰጣቸው። ከዚያ ቢሮ ቁልቁል የብየዳው ክፍል ይታያል፤ አጎታችን የክፍሉ ኃላፊ ሆነው ከታች፣ አባታችን ከላይ ሆነው በእጅ ምልክት ይቀላለዱ እንደነበር የዚያ ዘመን ሠራተኞች ይናገራሉ።

እስከዚህ ያለው ሳይሸማቀቁ የሚነበብ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አባታችን ራሳቸው ስላዘዙ እናነበዋለን።

በ1981 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ገበያውን ሞሉት። ድንቢጥ ጎማዋም መልኳም ወደ ሃያ ዓመት ሳይለወጥ እንደቆየ ያኔ ነው ለሰው የታየው። ወረፋው ጠፋ፤ ግቢው ባልተሸጡ መኪኖች ተጨናነቀ። አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾሙ። እርሳቸውም ቀለል ያለች፣ ዋጋዋ የረከሰ "ድንቢጥ ሁለት" በአስቸኳይ እንድትሠራ አዘዙ። እንድትቀል ሲባል ላሜራዋ ሳሳ። ከሳሱት ቦታዎች አንዱ መሪውን ከፊት ጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው ብረት የሚታሰርበት ነበር።

በታኅሣሥ 1983 ዓ.ም. አባታችን የመጀመሪያዎቹን አሥር መኪኖች ነዱ። በሰባቱ ላይ፣ ጉብታ ሲያልፉ፣ ከእግራቸው ሥር ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚመስል ትንሽ ድምፅ ሰሙ። በዚያን ቀን ከሥራ ሲመለሱ ጋዋናቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጠሩኝ። የአባታችን ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነበር የሚመስለው፤ የኔ ደግሞ ጥሩ ነው ስለሚባል የመሥሪያ ቤታቸውን ሪፖርት ብዙ ጊዜ የምገለብጥላቸው እኔ ነበርኩ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። በምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ እርሳቸው እየተናገሩ ጻፍኩ። "ላሜራው ሳስቷል። ከብየዳው ጎን ይቀደዳል። ሳይታረም ከግቢ እንዳይወጣ" የሚለውን ከሥሩ አስምሪበት ብለውኝ አሰመርኩበት።

በአራተኛው ቀን እንደገና ጠሩኝ። አዲስ ቅጽ ዘረጉልኝ። ያው ቀን፣ ያው አሥር መኪና፣ ያው ቁጥር ነበር። ብቻ መጨረሻው ላይ "ጉድለት አልተገኘም" ብለው አጻፉኝ።

ብዕሬን አቁሜ "አባዬ፣ ድምፁ የት ሄደ?" አልኳቸው።

"ጠፋ" አሉኝ።

"ተሠራ ማለት ነው?"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ጻፊ ልጄ" አሉኝ። ጻፍኩ። ፈረሙበት።

በመካከሉ ባሉት አራት ቀናት ውስጥ የሆነውን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነግረውናል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮአቸው ጠርተዋቸው የመጀመሪያውን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍተው "ላሜራውን ልቀይር ብል ስምንት ወር እቆማለሁ። ስምንት ወር ከቆምኩ ፋብሪካው ይዘጋል። ያንተ ጆሮ አንድ ነገር ሰማ ተብሎ የስንቱ ሰው ጉሮሮ ይዘጋ?" አሏቸው። አባታችንም ተመልሰው ከቢሮአቸው መስታወት ቁልቁል ሲያዩ የስንቱ ሰው ጉሮሮ የሚለው ነገር እውነት መሰላቸው። ለሠራተኛው አዝኜ ፈረምኩ እያሉ ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር። በስተርጅናቸው ግን "ለሠራተኛ ያዘነ ሰው ሠራተኛ አያሳስርም። ለወንበሬ ፈርቼ ነው" ብለውናል።

በኅዳር 1984 ዓ.ም. አንዲት አዋላጅ ከሥራ ወደ ቤቷ ስትመለስ በድንቢጥ ሁለት ቁልቁለት እየወረደች ሳለ መሪው ከእጇ ላይ ባዶውን ዞረ። መኪናዋ ከእህል ወፍጮ ቤቱ ግንብ ጋር ተጋጨች። አዋላጇ እዚያው አረፈች፤ አብሯት የነበረው መምህር ባሏ ዳሌው ተሰብሮ ተረፈ። በዚያው ወር ሁለት ሌሎች መኪኖች መሪያቸው ተበጠሰ፤ እንደ ዕድል ሆኖ የሞተ ሰው አልነበረም። ከተማው ተነሣ። ተጠያቂ ይቅረብ ተባለ። ሥራ አስኪያጁም የተጎዳችው መኪና ስንጥቅ ያለው ከብየዳው አጠገብ መሆኑን አይተው ጣታቸውን ወደ ብየዳው ክፍል ቀሰሩ። አጎታችን በቸልተኝነት የሰው ሕይወት በማጥፋት ተከሰሱ።

አባታችን የተጠሩት በምስክርነት ነው። በሚያዝያ ወር በአንድ ረፋድ እናታችንና እኔ በችሎቱ የኋለኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር። አጎታችን አልፈሩም። አባታችን ወደ መመስከሪያው ሲቀርቡ ፈገግ ብለው ተቀበሏቸው፤ ነገሩ አሁን ያልቃል የሚል ፈገግታ ነበር። "ባለጆሮው፣ እስቲ ንገራቸው" አሏቸው።

አባታችን ቀና ሳይሉ "ስንጥቁ ከብየዳው ጎን ነው። ላሜራው ላይ የተገኘ ጉድለት የለም። ብየዳው ነው" አሉ።

የተፈረመበት ሪፖርት ወጣ። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ አጎታችን ዘንድ ደረሰ። ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ቀና ብለው እናታችንና እኔ ወደተቀመጥንበት አዩ። እህታቸውን የሚያዩ መሰለኝ። በመጨረሻ ወደ አባታችን ዞረው "እንዲህ ነው የሰማኸው?" ብቻ አሏቸው። አባታችን ከመመስከሪያው ወረዱ። እኔ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው፤ ማንበብ የምችል፣ መናገር የምችል ሰው ነበርኩ። ተነሥቼ "ሌላ ወረቀት ነበረ" ማለት እችል ነበር። አፌ ተለጎመ። የእናቴን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ።

አጎታችን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ታሰሩ። ቤተሰባቸው የፋብሪካውን ቤት ለቅቆ ወጣ፤ በሽቦ አጥሩ ማዶ ሌላ ሰው ገባ። እናታችን በየሳምንቱ ወንድሟን ለመጠየቅ ትሄድ ነበር። የሚያደርሷት አባታችን ናቸው። እርሷ ገብታ እስክትወጣ ከማረሚያ ቤቱ ግንብ ውጭ ድንቢጣቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። "አንተስ ለምን አትገባም?" ስትላቸው "መኪናዋን የሚጠብቅ የለም" ይሏታል። የዚያን ጊዜ ድንቢጥ የሚሰርቅ ሌባ እንኳ አልነበረም። አጎታችን ከተፈቱ በኋላ ብየዳ የሚያሠራቸው ስላጡ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ቁልፍ ቀራጭ ሆኑ።

ፋብሪካውም በተፈረመለት ወረቀት አልዳነም። አንድ ጊዜ እምነት ያጣ ነገር አይመለስም። "ድንቢጥ የገዛ ሁለት ጊዜ ያለቅሳል፤ ሲገዛም ሲያዞርም" ተባለ። "ድንቢጥ ለምን ተባለች? ሳትበር አትቀርም ተብሎ ነው" ተባለ። ወንድሜ ትምህርት ቤት "የድንቢጥ ልጅ" እየተባለ ሲሰደብ፣ እኔ ለጓደኞቼ አባቴ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው ማለት ጀምሬ ነበር። ከትምህርት ቤት ሊወስዱኝ ሲመጡም ሁለት መንገድ አልፈው እንዲቆሙ ጠይቄያቸዋለሁ። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ሁለት መንገድ አልፈው ይቆሙ ነበር።

የመጨረሻዋ ድንቢጥ በ1989 ዓ.ም. ወጣች። በመጋዘን የቀረው ቀለም ስላልበቃ አንዱ በሯ ሰማያዊ፣ ሌላው ነጭ ነበር። አባታችን ነድተው ከበሩ አወጧት። በዚህኛው ቀን የተሰለፈ ሰው አልነበረም። ዘበኛው በሩን ከኋላቸው ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ቀደም ብለው በሌላ ቦታ ተሹመው ነበር።

በ1990 ዓ.ም. አባታችን ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ አንድ ጋራዥ ተከራይተው ድንቢጥ ሁለትን ብቻ መጠገን ጀመሩ። ያችኑ የሳሳች ቦታ በወፍራም ብረት እያጠናከሩ፣ ባለንብረቱ ሳይጠይቃቸውም ይሠሩለት ነበር። ሥራው ያመጣባቸውን ግን አላሰቡትም። በእያንዳንዷ መኪና ሥር ተኝተው ሲያዩ የሚጠብቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ላሜራው የተቀደደ፣ አጎታችን የበየዱት መስመር ግን እንደተበየደ፣ ንክች ሳይል። ስድስት ዓመት ሙሉ በጀርባቸው ተኝተው ይህንን አዩ። ቆርጠው ያወጧቸውን ቅዳጆች በአንድ የእንጨት ሣጥን ማጠራቀም ጀመሩ። ሣጥኑን ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር። በነዚያ ዓመታት አባታችን ሳቅ ረሱ፤ እናታችንም "ምን ነክቶሃል?" እያለች ትጠይቃቸዋለች፤ ደክሞኝ ነው ይሏታል።

በ1996 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ይዘው ቤት ገቡ። እናታችንን አስቀምጠው፣ እኔንና ወንድሜንም ጠርተው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። እናታችን አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜን እየጠየቅሁ ተመልሼ ካንተ ጋር እራት በላሁ" አለች። ከዚያ ተነሥታ ልብሷን አዘጋጀች። ወደ ወንድሟ ቤት ሄዳ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ኖረች።

አባታችን በማግስቱ ሣጥኑን ለፍትሕ ቢሮው አስረክበው የእምነት ቃላቸውን ሰጡ። ከዚያም የአዋላጇን ባል ፈልገው አገኙት። መምህሩ በከዘራ እየተደገፈ በሩን ከፈተላቸው። አባታችን ቆመው ነገሩት። መምህሩ "አሥራ ሁለት ዓመት በያጁን ስረግም ኖርኩ። አሁን ያን ሁሉ እርግማን በምን ልመልሰው?" አላቸው። መምህሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አርፏል፤ ከመሞቱ በፊት ግን መናኸሪያው በር ድረስ ሄዶ የአጎታችንን እጅ ጨብጧል። የአባታችንን አልጨበጠም።

ጉዳዩ ጊዜው ያለፈበት ነው ተብሎ አባታችን አልተከሰሱም። ይህም እስከ መጨረሻው ያሳፍራቸው ነበር። በ1998 ዓ.ም. የአጎታችን ፍርድ መሰረዙን የሚገልጽ ሁለት መስመር ደብዳቤ መጣ። አባታችን ደብዳቤውን ይዘው መናኸሪያው ሄዱ። አጎታችን ከሥራቸው ቀና ሳይሉ "ቁልፍ ልታስቀርጽ ካልመጣህ ወረፋ አትያዝ" አሏቸው። አባታችን ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ከኪሳቸው የቤታችንን ቁልፍ አውጥተው ሰጡ። አጎታችን ቀርጸው ሁለቱንም መለሱላቸው። ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። ከዚያ ወዲያ አባታችን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ይሄዱ ነበር። ቤታችን ውስጥ አንዱ በር አሥራ ሰባት ቁልፍ ነበረው።

እናታችን ተመልሳ ስትመጣ ሻንጣዋን በሩ ላይ አድርጋ እንዲህ አለቻቸው፦ "ለልጆቹ ብዬ አይደለም፤ አድገዋል። ከውሸትህ ጋር ስትኖር አይቼሃለሁ። ከእውነትህ ጋር እንዴት እንደምትኖር ደግሞ ልይ።" ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አባታችን ጋራዣቸውን እስከ ሰባ ዓመታቸው ድረስ አልዘጉም። ያገኟቸውን ድንቢጥ ሁለት መኪኖች ሁሉ፣ አንዳንዶቹን ዶሮ ሰፍሮባቸው፣ አንዳንዶቹን ሣር በቅሎባቸው ሳለ እንኳ፣ ነገ የሚነዳቸው ሰው አይጠፋም ብለው አጠናክረዋል።

አሁን የራሴን ልናገር። አባታችን በሰጡት የእምነት ቃል ውስጥ አንድ ውሸት አለ። "ሁለቱንም ሪፖርት በእጄ ጻፍኩ" ብለዋል። ያን ያሉት እኔን ለመሸፈን ነው። ቤት ውስጥ በተናገሩበትም ቀን ስሜን አላነሱም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። እናቴ በአባቴ ላይ ፊቷን ስታዞር እኔ ከእርሷ ጋር ሆኜ ፊቴን አዞርኩ። ወር ሙሉ አላናገርኳቸውም። የተቆጣች ልጅ መስዬ ኖርኩ። የእርሳቸው ኃጢአት በእኔ ጽሕፈት መጻፉን እርሳቸውና እኔ ብቻ እያወቅን፣ ብቻቸውን ሲያፍሩ ተመለከትኳቸው።

አባታችን በ2013 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ጠንቶ ሆስፒታል ገቡ። እዚያ ሳሉ ጠርተውኝ "የሕይወት ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ደግ፣ ታታሪ፣ ሰው ወዳድ ብለሽ እንዳትጀምሪ። የሰማሁትንም፣ ያልተናገርኩትንም ጻፊ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ከሁለት ቀን በኋላ አጎታችን መጡ። ሠላሳ ዓመት አባታችን ያሉበትን ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። አባታችን ሊያናግሯቸው ሲሞክሩ በእጃቸው ከለከሏቸውና "ይቅር አልልህም። ሞክሬ አቅቶኛል። ግን ብቻህን አትሞትም" አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ተቀመጡ። ጢማቸውን ይላጩላቸዋል፤ ትራሳቸውን ያስተካክሉላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ አይነጋገሩም። አንዳንዴ ስለ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ማደሪያ፣ ስለዚያ ስለ ጋራ ጫማቸው ሲያወሩ እንሰማ ነበር። አንድ ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። እናታችን ከበሩ ውጭ ቆማ አለቀሰች።

ከመጨረሻዎቹ ቀናት በአንዱ አጎቴን ወደ ደረጃው ስሸኛቸው ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። "አጎቴ፣ የተፈረመበትን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። አውቅ ነበር" አልኳቸው።

የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ። "አውቃለሁ" አሉኝ። "ፊደል ስትቆጥሪ አጠገብሽ የተቀመጥኩት እኔ አይደለሁም? ጽሕፈትሽን ከመቶ ሰው መሀል እለየዋለሁ። ችሎት ላይ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ነው ያየሁት።"

"ታዲያ ለምን አላስጠሩኝም? እኔን ቢያስጠሩ ኖሮ እኮ ነፃ ይወጡ ነበር።"

"የእህቴን ልጅ?" አሉኝ። "በአባቷ ላይ ላስመስክራት? በአሥራ ሰባት ዓመቷ?" ከዚያ ቀስ ብለው ደረጃውን ወረዱ።

እኔ ዝም ያልኩት ራሴን ብዬ ነበር። እርሳቸው ዝም ያሉት እኔን ብለው ነው፤ አንድ ዓመት ከስምንት ወርም የታሰሩበት ዝምታ ያ ነው። ይህንን እናቴም ወንድሜም የሚሰሙት ዛሬ ከእናንተ ጋር ነው። እናቴ ሆይ፣ ይቅርታሽን የምለምነው ሰው ፊት ነው፤ ከሰው ፊት ተደብቄ ስለኖርኩ።

አባታችን ኅዳር 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት፣ እጃቸው በአጎታችን እጅ ውስጥ እንዳለ፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከሟች በኋላ ባለቤታቸው፣ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና የሚስታቸው ወንድም በሕይወት ይገኛሉ። አጎታችን ስማቸው ከሐዘንተኞቹ ተራ እንዲገባ ፈቅደዋል፤ "ይቅር አለ ብላችሁ ግን እንዳትጽፉ" ብለውናልና አልጻፍንም።

እኛ ቤተሰቦቻቸው አስቀድመን ከሥራዋ ስትመለስ ቤቷ ሳትደርስ ለቀረችው አዋላጅና ሐዘኗን ተሸክሞ ላለፈው ባሏ ዕረፍትን እንለምናለን። ቀጥሎም ለአባታችን እንለምናለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን እንደ ምሕረቱ ብዛት እንጂ እንደ ፊርማቸው አይመልከት። እኛን በሕይወት የቀረነውንም፣ መናገር ሲገባን ዝም ያልንበትን ቀን አስቦ፣ ከዛሬ ጀምሮ አፋችንን ይክፈትልን።